በሰው ሠራሽ እግር የሚደረግ ረጅም ጉዞና የኔፓል ክልከላ

የኔፓል የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2017 የዲሴምበር ወር ማብቂያ ላይ የተራራ ጉዞ ደንቡን ባሻሻለበት ውሳኔ ሦስት ዓይነት ሰዎች ኤቨረስትን ጨምሮ የሀገሪቱን ተራሮች እንዳይወጡ ከልክሎ ነበር፡፡ እነርሱም ያለ አጃቢ ብቻቸውን የሚጓዙ፣ ዓይነ ስውራንና ሁለቱንም እግሮቻቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው፡፡ ለክልከላው የተሰጠው ምክንያት አደጋን መቀነስ የሚል ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ደንቡ ገና ወራት ሳያስቆጥር የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በማርች 2018 አፈጻጸሙን አገደ፡፡

ከፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ሁለት ወራት በኋላ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች የተቆረጡት የ69 ዓመቱ ቻይናዊ ሺያ ቦዩ በኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ፡፡ ከዚያም አምስት ዓመታት ቆይቶ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በላይ የተቆረጡት ሃሪ ቡድሃ ማጋር እ.ኤ.አ ሜይ 19 ቀን 2023 በ8 ሺህ 849 ሜትር ከፍታ ላይ በመድረስ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ደርሶባቸው ኤቨረስትን ከወጡ ሰዎች የመጀመሪያው ሆኑ፡፡ ሚስተር ማጋር ኔፓል ውስጥ ሮልፓ በተባለ ተራራማ አካባቢ ተወልደው በብሪታንያ ጦር የጉርካ ክፍል ያገለገሉ ሲሆን፣ እግሮቻቸውን ያጡት እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2010 አፍጋኒስታን ውስጥ በተቀበረ ፈንጂ ነው፡፡

ክንውኑ በዓለም መገናኛ ብዙኃን የተዘገበው በአብዛኛው የአንድ ሰው የጽናት ታሪክ ተደርጎ ነው፡፡ ጽናቱ አያጠያይቅም፡፡ ሆኖም ደንብና መመሪያ ለሚያረቅ፣ በጀት ለሚደለድልና አገልግሎት ለሚያስተባብር ባለሙያ ከጽናቱ ይልቅ ትኩረት የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፡፡ አንደኛው፣ ለደኅንነት ተብሎ የወጣ ደንብ ስለምን በፍርድ ቤት ሊጸና አልቻለም የሚለው ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ በሰው ሠራሽ እግር የሚጓዝ ሰው የሚሄድበትን ርቀት በተጨባጭ የሚወስነው ምንድን ነው የሚለው ነው፡፡

ደንቡ የወጣበትን ጊዜ ማስታወስ ተገቢ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2017 የጸደይ ወራት በኤቨረስት አካባቢ የደረሱ ሁለት የሞት አደጋዎች ሰፊ ሽፋን አግኝተው ነበር፡፡ በኤፕሪል ወር ስመ ጥሩው የስዊዘርላንድ ተራራ ወጪ ኡኤሊ ሽቴክ ከኤቨረስት አጠገብ በሚገኘው ኑፕትሴ ተራራ ላይ ብቻቸውን ሲወጡ ወድቀው ሕይወታቸው አልፏል፡፡ በሜይ ወር ደግሞ በዕድሜ የገፉ የኤቨረስት ወጪ በመባል ክብረ ወሰን ለመያዝ የተነሡ አንድ የ85 ዓመት ኔፓላዊ በጉዞው መነሻ ሰፈር ላይ ሞተዋል፡፡ መንግሥት አንድ እርምጃ እንዲወስድ የሚጠበቅበት ወቅት ነበር ማለት ይቻላል፡፡ ብቻን መጓዝን የሚከለክለው የደንቡ ክፍል ከመጀመሪያው አደጋ ጋር ግልጽ ዝምድና አለው፡፡ ሁለት እግር ያጡ ሰዎችን የሚከለክለው ክፍል ግን ከሁለቱ አደጋዎች ከአንዱም ጋር አይገናኝም፡፡ ሟቾቹ ሁለቱም በሙሉ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩና፡፡

ደንቡ በወጣበት ዕለት ሁለቱንም እግሮቹን አጥቶ ኤቨረስት ጫፍ የደረሰ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፡፡ እርሳቸውም እ.ኤ.አ በሜይ 2006 ተራራውን የወጡት የኒውዚላንዱ ማርክ ኢንግሊስ ናቸው፡፡ በአንድ ሰው ሠራሽ እግር የወጡ አስቀድሞም የነበሩ ሲሆን የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ1998 ቶም ዊተከር ነበሩ፡፡ በመሆኑም ደንብ አርቃቂዎቹ በእጃቸው የነበረው መረጃ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ያ ጥቂቱ መረጃ የሚያሳየው ጉዞው የሚቻል መሆኑን ነበር፡፡ ክልከላው የተመሠረተው በመረጃ ላይ ሳይሆን ሁለት እግር የሌለው ሰው ተራራ ሊወጣ አይገባውም በሚል ቅድመ ግምት ላይ ነው ለማለት የሚያስደፍረውም ይኸው ነው፡፡

የሺያ ቦዩ ታሪክ ይህን ነጥብ ይበልጥ ያጎላዋል፡፡ ሰውየው እግሮቻቸውን ለጉዳት የዳረጉት እ.ኤ.አ በ1975 በመጀመሪያው የኤቨረስት ጉዟቸው ላይ የመኝታ ከረጢታቸውን ለታመመ ባልደረባቸው በመስጠታቸው ውርጭ መቷቸው ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1996 ደግሞ በካንሰር ሳቢያ ከጉልበት በታች ያለው የእግራቸው ክፍል ተቆረጠ፡፡ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ በ2014 ለመውጣት ሲነሡ የበረዶ ናዳ የወቅቱን ጉዞ በሙሉ አሰናከለ፡፡ በ2015 የኔፓሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፡፡ በ2016 ወደ ጫፉ መቶ ሜትር ያህል ሲቀራቸው በማዕበል ምክንያት ተመለሱ፡፡ ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱንም ያስቀረው ሰው ሠራሹ እግር አልነበረም፡፡ ናዳውና መንቀጥቀጡ ሙሉ እግር ያላቸውንም አብሮ መልሷል፡፡ እግርን ምክንያት አድርጎ ጉዟቸውን ያስቀር የነበረው ብቸኛ ነገር የ2017ቱ ደንብ ነበር፡፡

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ያገደው ልዩነት የሚያደርግና የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን የሚፃረር ነው በሚል ምክንያት ነው፡፡ ኔፓል ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ በ2010 ነው፡፡ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፡፡ ስምምነቱ በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት በመዝናኛና በስፖርት እንዲሳተፉ መንግሥታትን ያስገድዳል፡፡ ሀገራት ሰዎችን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታም አለባቸው፡፡ ሁለቱ ግዴታዎች የሚጋጩ የሚመስሉት ጥበቃው በሰውየው የጉዳት ዓይነት ላይ ሲመሠረት ብቻ ነው፡፡ ጥበቃው በጉዞው ጠባይና በተጓዡ ዝግጅት ላይ ሲመሠረት ግን ግጭቱ አይኖርም፡፡

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ከኔፓል ራሷ የመጣ ሌላ ሐሳብ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ2025 የቀረበው የቱሪዝም ረቂቅ ሕግ ኤቨረስትን ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ከ7 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኔፓል ተራራ የወጣ መሆኑን እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ነው፡፡ ረቂቁ የራሱ ተቺዎች አሉት፡፡ ነገር ግን የሚጠይቀው ጥያቄ «ስንት እግር አለህ?» የሚል ሳይሆን «ከዚህ በፊት ምን ሠርተሃል?» የሚል ነው፡፡ ሚስተር ማጋር ክልከላው በወጣበት በዚያው ዓመት 6 ሺህ 476 ሜትር ከፍታ ያለውን ሜራ ተራራ ወጥተው ነበር፡፡ ልምዳቸውን የሚመዝን መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ መዝገባቸው የሚታይ ነበር ማለት ነው፡፡

የፍርድ ቤት ውሳኔ በር ይከፍላል እንጂ እግር አይገጥምም፡፡ ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፡፡

በሰው ሠራሽ እግር ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከሌላው ተጓዥ የበለጠ ጉልበት ያወጣል፡፡ በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች በጥቅሉ እንደሚያመለክቱት አንድ እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው በሜዳ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ኃይል ሩብ ያህል ይጨምራል፡፡ ከጉልበት በላይ ሲሆን ጭማሪው ከግማሽ ይበልጣል፡፡ ሁለቱም ከጉልበት በላይ ሲሆኑ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፡፡ ጉልበት የሚባለው መገጣጠሚያ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ለመገንዘብ ይቻላል፡፡ ሚስተር ማጋር በተራራ ላይ የሚጠቀሙት አጫጭርና መታጠፊያ የሌላቸውን ሰው ሠራሽ እግሮች ነው፡፡ እንዲህ ያሉ እግሮች ክብደትን ወደ መሬት በማቅረብ ውድቀትን ይቀንሳሉ፤ በአንጻሩ አንድ እርምጃ የሚሸፍነው ርቀት ስለሚያጥር ሌላው ተጓዥ በአንድ እርምጃ የሚያልፈውን በሁለትና በሦስት ማለፍን ያስከትላሉ፡፡

ይሁን እንጂ ከጉልበት ማነስ ይልቅ ብዙዎችን ከመንገድ የሚያስቀረው ቆዳ ነው፡፡ ከሰው ሠራሽ እግር ክፍሎች ሁሉ ወሳኙ ባለሙያዎች ሶኬት የሚሉት፣ የተቆረጠው እግር ቀሪ ክፍል የሚገባበት ማቀፊያ ነው፡፡ የሰውየው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው፣ ለመሸከም ባልተፈጠረ ቆዳ ላይ በዚህ ማቀፊያ አማካይነት ነው፡፡ ቀሪው የእግር ክፍል ደግሞ ቀኑን ሙሉ መጠኑ አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ጠዋት ልክ የነበረው ማቀፊያ ከሰዓታት ጉዞ በኋላ እግሩ በመቀነሱ ይላላል፤ ሲላላ ይፈትጋል፤ ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይላጣል፡፡ ልምድ ያለው ተጓዥ በየመንገዱ ቆም እያለ ተጨማሪ ካልሲ በመደራረብ ክፍተቱን ይሞላል፣ ላቡን ያደርቃል፡፡ ይህን ችላ ያለ ሰው አንድ ቀን ርቆ ሄዶ ቁስሉ እስኪድን ለሳምንታት እግሩን ሳያጠልቅ ሊቀመጥ ይችላል፡፡ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ በ1980 በአንድ ሰው ሠራሽ እግር በ143 ቀናት 5 ሺህ 373 ኪሎ ሜትር በሮጡበት ወቅት ከርቀቱ ባልተናነሰ ያሠቃያቸው ይኸው የቀሪው እግር ቁስለት ነበር፡፡ ጉዟቸውን በመጨረሻ ያቋረጠው ግን ወደ ሳንባቸው የተዛመተው ካንሰር ነው፡፡

ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት እንደሚከብድም የሚያውቁት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፡፡ ሰው ሠራሽ ቁርጭምጭሚት እንደ ተፈጥሮው ስለማይታጠፍ ተጓዡ ወደ ፊት ይገፋል፡፡ የእግር መዳፍ መሬቱን ስለማይነግረው ድንጋዩን በዓይኑ እየፈለገ ይሄዳል፤ ሲመሽበት ደግሞ ይህም ይቀራል፡፡

ሌላው የመገልገያው ብልሽት ነው፡፡ ሚስተር ኢንግሊስ እ.ኤ.አ በ2006 ወደ ኤቨረስት ሲወጡ 6 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ አንደኛው ሰው ሠራሽ እግራቸው ለሁለት ተሰብሮባቸው ነበር፡፡ መለዋወጫው ከታችኛው ሰፈር እስኪደርስላቸው ድረስ ስብራቱን በፕላስተር ጠቅልለው አቆዩት፡፡ ጉዞው የቀጠለው ሰፈሩ ላይ መለዋወጫ በመኖሩና የሚያመጣው ሰው በመገኘቱ ነው፡፡ ያ መለዋወጫ ባይኖር የዓለም ጋዜጦች የሚጽፉት ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር፡፡

ነገሩን ወደ ሀገራችን ስናመጣው የርቀቱ ትርጉም ይለወጣል፡፡ በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድ ሰው ጉዞውን የመረጠው ወድዶ ነው፡፡ በሰሜን ሸዋ ወይም በወሎ ገደላማ ቀበሌ የሚኖር፣ አንድ እግሩን ያጣ አርሶ አደር ግን ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚወስደውን መንገድ የሚሄደው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው፡፡ ስሙ የእግር ጉዞ አይባል እንጂ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩና የክረምቱ ጭቃ ያው ናቸው፡፡ በዚህ ላይ በሌሎች ሀገሮች መመሪያዎች እምብዛም የማይነሣ ነገር አለ፡፡ ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በሚጫማው ጫማ ተረከዝ ከፍታ ልክ ነው፡፡ ተጠቃሚው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ዝቅ ስለሚል እግሩ ወደ ኋላ ይገፈትረዋል፡፡ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ሲያስተካክል ጠያቂ ይሆናል፤ የማያውቅ ግን በማዕከሉ ወለል ላይ ደህና የሄደውን ሰው ሸኝቶ ፋይሉን ይዘጋል፡፡

በሀገራችን ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸው የአካል ተሐድሶ ማዕከላት አዲስ አበባ፣ መቐለ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭን በመሳሰሉ ከተሞች ይገኛሉ፡፡ በሥራው በስፋት የሚያገለግለው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ያስፋፋው የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ቴክኖሎጂ ነው፡፡ ዋጋው ከካርበን ፋይበር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን፣ በሙቀት ቅርጹን ማስተካከልና መጠገን ስለሚቻል ለገጠር ኑሮ ይስማማል፡፡ ሆኖም ርካሹም ሆነ ውዱ እግር ዘለዓለማዊ አይደለም፡፡ ለአዋቂ ሰው የተሠራ እግር በአማካይ ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት፣ በማደግ ላይ ላለ ልጅ የተሠራ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር እንዳለበት በሙያው የታወቀ ነው፡፡ በድንጋያማ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው የሚረግጥበት መዳፍ ከዚህም ቀድሞ ይሰነጠቃል፡፡

ከዚህ አኳያ ሲታይ በአንድ ዓመት ስንት እግሮች ተሠርተው ተሰጡ የሚለው የሪፖርት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ በእግር ላይ፣ ስንቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሚገኝ የሚጠይቅ ቅጽ ያስፈልጋል፡፡ መዳፉ የተሰነጠቀበት ሰው ጥገናው የሚወስደው ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ማዕከሉ ለመድረስ ግን የአውቶቡስ ክፍያ፣ ማደሪያና የሥራ ቀናት ይጠይቀዋል፡፡ እነዚህን ሲያሰላ ወደ ምርኩዙ መመለስን ይመርጣል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2017 ያወጣው የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ አገልግሎት መመዘኛ ክትትልንና ጥገናን የአገልግሎቱ አካል አድርጎ ያስቀምጣል፡፡ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነትም በአንቀጽ 26 የተሐድሶ አገልግሎት በገጠር ጭምር በተቻለ መጠን ለተጠቃሚው መኖሪያ ቅርብ እንዲሆን ይደነግጋል፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል፡፡

«አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ለማስተባበያ ነው፡፡ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎችም አሉ፡፡ የሚረግጡበትን መዳፍ መቀየርና ማሰሪያ መጠገን ለሚችል ባለሙያ በየዞኑ ሆስፒታል አንድ የሥራ መደብ መክፈት አዲስ ማዕከል ከመገንባት ጋር አይወዳደርም፡፡ ተንቀሳቃሽ የጥገና ቡድን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ወረዳ ከተሞች መላክም እንደዚሁ፡፡

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ብቻ ሳይሆን መራመድ ለሚችሉ፣ ነገር ግን ደረጃ መውጣት ለሚያዳግታቸው ሰዎችም የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዝዛል፡፡ ይህ የአዋጁ አገላለጽ በሰው ሠራሽ እግር የሚሄደውን ሰው በትክክል የሚመለከት ነው፡፡ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በደጅ ሲቀር ይታያል፡፡ ሱሪው ሰው ሠራሽ እግሩን የሸፈነለት ባለጉዳይ ግን እንደማንኛውም ሰው ቆሞ ስለሚታይ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ውጣ ይባላል፤ መደገፊያ በሌለው ደረጃ መውረዱ ከመውጣቱ እንደሚብስ የሚያስብለት የለም፡፡

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ከቆመ በኋላ የመጀመሪያ እግራቸውን የተረከቡ ሰዎች አሉ፡፡ በ2015 ዓ.ም የተገጠመ የአዋቂ ሰው እግር በሦስት ዓመት ስሌት የመቀየሪያ ጊዜው 2018 ዓ.ም ነው፡፡ በዚያው ዓመት አሥር ዓመት ሞልቶት የነበረ ልጅ በስድስት ወሩም ሆነ በዓመቱ ሂሳብ እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እግር መቀየር ነበረበት፡፡ በየደረጃው የሚዘጋጀው የበጀት ጥያቄ ለእነዚህ ሰዎች መቀየሪያ የሚሆን ፕላስቲክና መዳፍ፣ ደግሞም የመጓጓዣ ወጪ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው የወጪ መደቦቹ ሲከፈቱ ነው፡፡